የአራተኛው ዓምድ ስርጉድ

ሹዪን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ምድጃውን ለኮሰች፤ ከማታ የተረፈውን ሩዝ ውሃ ጨምራ ጣደች። እስኪፈላ ድረስ ግቢውን ጠረገች፤ ለሁለቱ ዶሮዎች ጥሬ በተነች፤ ፊቷን ታጠበች። አጥሚቱ ወፈር ሲል ጠርዙ ሰማያዊ በሆነው ጎድጓዳ ሳህን ቀዳች፤ በጨው የተቀመጠ ጎመን ከላዩ ጣል አደረገችበት፤ የመብያ እንጨቶቿን በአንድ እጇ፣ ሳህኑን በሌላው ይዛ ከቤት ወጣች።

በሉዎሺ መንደር ዝናብ ካልጣለ በቀር ቁርሱን ቤቱ ተቀምጦ የሚበላ የለም። ቤቱ የሚበላ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል፣ ወይ ሳህኑ ውስጥ ጎረቤት እንዲያይበት የማይፈልገው ሥጋ አለ። ሌላው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ወደ ድንጋይ በሩ ይወጣል፤ ከሥሩ ቁጢጥ ብሎ ያወራል፣ ይበላል፣ የሌላውንም ሳህን ይቃኛል።

በሩ አራት ዓምድና ሦስት መተላለፊያ አለው። መዝጊያ ኖሮት አያውቅም። ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በፊት በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የቆመው ለአንዲት ባልቴት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ባሏ ሞተባት፤ ሰባ አንድ እስኪሞላት ሌላ ሳታገባ ኖራ እሷም ሞተች። ከሞተች ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ይህ ድንጋይ ቆመላት። ላዩ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ የባሏ ስም፣ የአማቷ ማዕረግና ደብዳቤውን የጻፈው የወረዳ ሹም ስም ጎላ ብሎ ተቀርጿል። እሷን በተመለከተ «የሁ ልጅ» ይላል። ሁ የአባቷ ቤት ስም ነው። ሹዪን ሠላሳ ዓመት ታሪክ ስታስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቿን እዚህ እያመጣች፣ «የሴትየዋን ስም ፈልጉ፤ ያገኘ አሥር ነጥብ አለው» ትላቸው ነበር። አሥሩን ነጥብ የወሰደ ልጅ የለም።

ዓምዶቹን ከፊትና ከኋላ ከበሮ የሚመስሉ ደጋፊ ድንጋዮች ይዘዋቸዋል። ሰው የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። ሹዪን የምትቀመጠው በአራተኛው ዓምድ፣ ወደ ቤቷ በሚያየው ድንጋይ ላይ ነው። እሷ ከመቀመጧ በፊት ባሏ ቼንግሁዋይ ሠላሳ አራት ዓመት ተቀምጦበታል። አጥሚቱን ጠጥቶ ሲጨርስ የቀርከሃ ፒፓውን ያጨስና አመዱን ለማራገፍ የፒፓውን የናስ አፍ ከድንጋዩ ጎን ላይ ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ፣ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ። ሹዪን ያኔ ለትምህርት ቤት እየተጣደፈች ወጥ ቤት ስለምትሆን ድምፁን ስትሰማ ሁለተኛውን ሳህን ትቀዳለት ነበር። ድንጋዩ በዚያ በኩል ለስላሳ ኖሮ ከጊዜ ብዛት የእርግብ እንቁላል የሚይዝ ስርጉድ ወጣበት።

ቼንግሁዋይ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሹዪን በልታ ስትጨርስ እጇን ከድንጋዩ ጎን ላይ አሳርፋ፣ ተደግፋ ነው የምትነሳው። አውራ ጣቷ ስርጉዱ ውስጥ ይገባል። የመንደሩ ሰው ጉልበቷን ያማታል ብሎ ያስባል። ጉልበቷን አያማትም።

ያን ቀን ጠዋት ጎረቤቷ ላንዢ ሳህኗን ይዛ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ሹዪንዬ፣ ሽማግሌው ፉ ትናንት ዓሣ አምጥቶልሽ ነበር አሉ።»

«አምጥቶ ነበር።»

«እና?»

«ጠበስኩት።»

«ዓሣውን አልጠየቅሁሽም! ሰውየውን ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጥርሱ ሁሉ የራሱ! አርባ ዓመት ጀልባ የቀዘፈ ክንድ እንደሆነ አይተሻል። አንቺ ብቻሽን ከሁለት ዶሮ ጋር…»

«ዶሮዎቹ ብዙ አያወሩም።»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። ላንዢ አፏን በጎመን ሞልታ ሌላ ልትል ስትል የመንደሩ ሊቀመንበር ዌንቢያው በኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ደረሰ። ዌንቢያው የቼንግሁዋይ የወንድም ልጅ ነው። ከበሩ ሥር የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን የድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቀነ።

«የተከበራችሁ የሉዎሺ ነዋሪዎች!»

«እዚሁ ነን አንተ፣ ጆሮዬን!» አለች ላንዢ።

«የፊታችን ሐሙስ የቅርስ ባለሙያዎች ይመጣሉ። ደረጃ ሊሰጡን ነው። የታችኛው መንደር ሰባት በር አለው፤ እኛ አንድ። ሰባት ያለው ታሪክ አያስፈልገውም፤ ቱሪስቱ ቆጥሮ ይሄዳል። አንድ ብቻ ያለው ግን ታሪክ የግድ ነው! ስለዚህ አንደኛ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከበሩ ሥር ሳህን ክልክል ነው።»

«የት እንብላ ታዲያ?»

«ቤታችሁ!»

ሰው ሁሉ በድንጋጤ እርስ በርሱ ተያየ። ዌንቢያው ማጉያውን ዝቅ አደረገና ወደ ሹዪን ተጠጋ።

«ሁለተኛው ነገር እርስዎን ይመለከታል፣ አክስቴ። የጥንት ልብስ አስመጥተናል፤ ነጭ ነው፤ የባልቴት። ሐሙስ ዕለት እሱን ለብሰው ከበሩ ሥር እንዲቆሙልን።»

«መንደሩ ውስጥ አሥራ አራት ባልቴት አለልህ እኮ።»

«እነሱ ያወራሉ! እርስዎ ዝም ሲሉ ያምርብዎታል። አንድ ሰው ባየዎት ቁጥር…» ቃሉ ጠፋበት። «ታሪክ ያለ ይመስለዋል።»

«ልብሱን አልለብስም። ጽሑፉን ማንበብ ካቃታቸው አነብላቸዋለሁ።»

«እሺ፣ ይሁን። ግን ያ የሽማግሌው ፉ ነገር…» ዌንቢያው ግራ ቀኝ አየ። «እባክዎን እስከ ሐሙስ እንዳያገቡ።»

«ዓርብስ?» አለች ላንዢ።

«ዓርብ የራሳቸው ጉዳይ ነው!»

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ዌንቢያው ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰቀለ። «ለባል ታማኝነት የመንደራችን ኩራት» ይላል። ጨርቁ አጥሮ ኖሮ ከሥሩ ያምና መፈክር ብቅ አለ፤ «በጊዜ አግቡ፣ ብዙ ውለዱ»። መንገደኛ ከላይ ወደ ታች ሁለቱንም ያነብና ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ ሳይገባው ያልፋል።

ፕሮፌሰር ዱዋን የመጡት አንድ ረዳት፣ አንድ ሜትርና አንድ አጉሊ መነጽር ይዘው ነው። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው። ድንጋይ ሲነኩ የታመመ ሰው ግንባር የሚነኩ ይመስላሉ። ሹዪን ጽሑፉን አነበበችላቸው፤ «መምህርት ነዎት ለካ» አሉና በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። መንደሩ ሳህን ሳይዝ ከበሩ ዙሪያ ቆሟል። እጁን የት እንደሚያደርገው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ዓምድ ፈትሸው አራተኛው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ዌንቢያው ወደ አክስቱ አየ። አክስቱ መሬት መሬት አየች።

«ጻፍ» አሉ ፕሮፌሰሩ ለረዳታቸው። «አራተኛ ዓምድ፣ ደጋፊ ድንጋይ፣ የቅርብ ጊዜ ጉዳት። በድንጋይ ዱቄትና በሙጫ ተሞልቶ ይለስልስ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንደነበረ እንኳ አይታወቅም።»

ረዳቱ ጻፈ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ለሹዪን ተሰማት።

«ጉዳት አይደለም» አለች።

ሁሉም ዞሮ አያት። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የምታወጣው ዓይነት ነበር።

«ምንድን ነው ታዲያ፣ መምህርት?»

እውነቱን ብትናገር ምን እንደሚጻፍ አወቀች። «በትምባሆ ፒፓ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያም ይሞላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተረጋገጠ ነገር በጻፈ ተማሪ ወረቀት ላይ በቀይ ስታሰምር የኖረች ሴት ናት። አፏን ከፈተች።

«ባልቴቷ ናት» አለች። «የሁ ልጅ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ላይ ትንበረከክ ነበር። ግንባሯን…»

«ግንባሯን ትመታ ነበር!» አለ ዌንቢያው፤ ከሰማይ እንደወረደለት ያህል። «ለባሏ! ሃምሳ ሁለት ዓመት! በጋ ክረምት ሳትል!»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ሆኖም» አሉ ቀስ ብለው፣ «በሩ የቆመው እሷ ከሞተች ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። አሁን ራስዎ ነዎት ያነበቡልኝ።»

ዌንቢያው አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ድንጋዩ ቀድሞ ነበራ!» አለች ላንዢ ከኋላ። «ደጃፏ ላይ ነበር! በሩን ሲሠሩ ነው ከዚያ አንስተው እዚህ የገጠሙት።»

«ከሌላ ሥፍራ መጥቶ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ድንጋይ!» የፕሮፌሰሩ ፊት በራ። «በዚህ ክፍለ ሀገር እስካሁን አልተገኘም። ይህን ከአያቶቹ የሰማ ሌላ ሰው አለ?»

ሁሉም ሰምቷል። አንዱ ከእናቱ አያት፣ ሌላው ከአባቱ። አንድ አዛውንት ድንጋዩ ከደጃፉ በየትኛው በኩል እንደነበር ጭምር አስታወሱ፤ በስተግራ ነው። ሌላው በስተቀኝ ነው ብሎ ተከራከራቸው። ፕሮፌሰሩ ሁለቱንም አስጻፉ፤ «ሕያው ትውፊት እንዲህ ነው፤ ይለያያል» አሉ። አሥራ አንድ ሰው በወረቀቱ ግርጌ አውራ ጣቱን ቀይ ቀለም ውስጥ እየነከረ አተመ። ሹዪን ከሁሉም አስቀድማ ፈረመች፤ በዚያ በሚያምረው የመምህር ጽሕፈቷ። ረዳቱ «የቅርብ ጊዜ ጉዳት» የሚለውን ሰረዘው።

ያን ዕለት ማታ ለዶሮዎቿ ከወትሮው አብዝታ ጥሬ በተነችላቸው። ዓርብ ጠዋት መንደሩ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። ፉ ሁለተኛ ዓሣ አምጥቶ ከደጇ ላይ ሰቅሎ ሄደ። ሹዪን ለላንዢ ሰጠቻት።

«እኔን ልታጋቢኝ ነው?» አለች ላንዢ።

«ጥርሱ ሁሉ የራሱ ነው አላልሽም?»

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። በሩ ሁለተኛ ደረጃ ተሰጠው። ድንጋዩ አንደኛ። ዌንቢያው ርችት አስተኮሰ። ሹዪን ርችቱን ከቤቷ ሆና ሰማች፤ እንደ ማንኛውም ርችት ነበር። በማግስቱ ግን የከባድ መኪና ድምፅ ሰምታ ስትወጣ አንድ መኪና ክሬኑን ዘርግቶ ከበሩ ፊት ቆሟል፤ ሠራተኞች አራተኛውን ዓምድ በእንጨት ይደግፋሉ።

«ዌንቢያው፣ ምንድን ነው?»

«ደስ አይልዎትም፣ አክስቴ? ወደ ወረዳው ሙዚየም ሊሄድ ነው! አንደኛ ደረጃ ቅርስ ዝናብ ላይ አይቀመጥም፤ ደንብ ነው። መስታወት ተሠርቶለታል። የራሱ መብራት አለው።»

«ይተዉት።»

«እንዴት ይተዉታል? እርስዎ አይደሉም እንዴ የነገሯቸው?»

ሹዪን ወደ እሱ ተጠጋች። ድምፅዋን አላነሳችም።

«የአጎትህ ፒፓ ነው።»

ዌንቢያው ማጉያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ወደ ሠራተኞቹ አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ።

«አውቃለሁ፣ አክስቴ» አለ። «ትንሽ ልጅ ሆኜ አመዱን እግሬ ላይ ያራግፍብኝ ነበር። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አሥራ አንድ አሻራ አለ። አሁን ውሸት ነው ካልን አሥራ አንድ ሰው ዋሾ ይሆናል። እሱ እንኳ ይቅር። ግን ፕሮፌሰሩ የሰረዙትን መልሰው ይጽፉታል። ያኔ እዚሁ ይቀራል፤ ተሞልቶ።» ቀና ብሎ አያት። «እርስዎ የፈለጉትን ልበላቸው። እላቸዋለሁ።»

የመንደሩ ሊቀመንበር እንዲህ ያለ ነገር ያለ ማጉያ ሲናገር ሹዪን ሰምታው አታውቅም። ድንጋዩን አየችው። የጠዋቱ ፀሐይ ከጎኑ ገብቶ ስርጉዱን በጥላ ሞልቶታል። ከመንገዱ ፈቀቅ አለች።

«በብርድ ልብስ ጠቅልሉት» አለች ሠራተኞቹን። «ይህኛው ጎን ወደ ላይ ይሁን።»

«ይሆናል፣ እማማ።»

ብርድ ልብስ አልነበራቸውም። ገብታ አንድ አመጣችላቸው።

ተተኪው ድንጋይ ከከተማ የመጣው በአራት ቀን ውስጥ ነው። በማሽን የተቆረጠ፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ገጽታው እንደ ታጠበ ሳህን የለሰለሰ። ሲገጥሙት ሹዪን ከጎኑ ቆማ ድንጋይ ጠራቢውን ጠየቀችው።

«ስርጉዱን ብትጠርብበትስ? እዚህ ጋ። ትንሽ ነች።»

ሰውየው በደንብ ሰማት፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይቻልም፣ መምህርት። አዲስ ድንጋይ ላይ የእርጅና ምልክት ማድረግ በሕግ ክልክል ነው። ማጭበርበር ይባላል።»

በበልግ አንድ ቀን በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ወረዳው ሄደች። ለላንዢ ለዓይን ሐኪም ነው አለቻት። ሙዚየሙ ውስጥ ድንጋዩ ብቻውን አንድ ክፍል ተሰጥቶታል፤ መስታወቱ ጥሩ ነው፤ መብራቱም እንደተባለው የራሱ ነው። ብርድ ልብሷ አልነበረም። ከፊቱ መሬት ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ እስከ መስታወቱ ሁለት ክንድ ይሆናል።

አንዲት አስጎብኚ ወጣት ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች ይዛ ገባች።

«ይህ የምታዩት» አለች በተማረችው ድምፅ፣ «አንዲት ታማኝ ሚስት ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ግንባሯን በመምታት ያስገኘችው ነው። በየቀኑ መቶ ጊዜ ትመታ እንደነበር ይነገራል።»

«ውይ!» አለች አንዲት ጎብኚ። «እራሷን አያማትም?»

«ፍቅር ነዋ» አለ ባሏ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ እያነሳ። «አየሽ? አንቺ ግን ቁርስ እንኳ…»

«አንተ መጀመሪያ ሙትና እናያለን።»

ጎብኚዎቹ እየሳቁ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። አስጎብኚዋ ልትከተላቸው ስትል ሹዪን ክንዷን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት።

«ሦስት ጊዜ ነው።»

«ምን አሉኝ፣ አክስቴ?»

«መቶ አይደለም። በየማለዳው፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ። ሦስት ጊዜ።»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ከኪሷ ትንሽ ደብተር አወጣች። «ምንጩን ልጻፍ?»

ሹዪን ለአፍታ አሰበች።

«ከጎረቤት የተሰማ ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ ጻፈች። ሹዪን ቢጫው መስመር ጋ ትንሽ ቆየችና የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ወጣች። ከኋላዋ ሌሎች ጎብኚዎች ሲገቡ ሰማች። የልጅቷ ድምፅ፣ «በየማለዳው፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ሦስት ጊዜ» አለ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ሩዙን ጣደች፤ ግቢውን ጠረገች፤ ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነች። ሳህኗን ይዛ ወጣች። በበሩ ዙሪያ ዌንቢያው ያሠራው ሰንሰለት አለ፤ መንደሩ እያንዳንዱ ሰው ሳህኑን ከፍ አድርጎ በላዩ ላይ እየተሻገረ ይገባል። ሹዪንም ተሻገረች። አራተኛው ዓምድ ጋ ተቀመጠች፤ በላች፤ ላንዢ ስለ ፉ ጥርስ ስታወራ ሰማች። ሲበቃት እጇን ከድንጋዩ ጎን ላይ አሳርፋ ተነሳች።

ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው። ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ወደ ቤቷ በሚያየው ጎን፣ ስርጉዱ የለም።